መሃል ሰፋሪ

ሾላው ሥር ነበርን፣ ከወደቡ ጓሮ፣
ሰማንያ አንድ ሰው፣ ተጠርቶ ተቆጥሮ።
ጉባኤ ነው እንጂ፣ ለቅሶ አይደለም ስሙ፣
ግን ሁለት ቦታ ነው፣ ወንበሮች የቆሙ።

በቀኝ የአንለይ ወገን፦ «ሞተር ነው መዳኛ፣
ደንገል ሙዚየም ይግባ፣ ምናችን ነው ለእኛ?»
በግራ የይስማው፦ «ነዳጅ ነው መርዛችን፣
ሐይቁ ሞቶ ነው ወይ፣ የሚሞላው ኪሳችን?»

ስም አውጪ ምን ያድርግ፣ ተመኝቶ ነበር፤
ስም ግን መቅዘፊያ አይሆን፣ ሞገድ ሲደነብር።
አንለይ ያሉት ልጅ፣ ለሁለት ሲከፍለን፣
ይስማው ያሉት ደግሞ፣ ሳይሰማ ሲሰድበን።

ካርድ ተቆጠረ። አርባ ለሞተሩ፣
አርባ ለመቅዘፊያው፤ ቀረሁ እኔ ማሩ።

ቆምሁና አልኋቸው፦ «አስር ሞተር ይሁን፣
ለጎርጎራ ጉዞ፣ ሩቅ የሚወስደን፤
ዳሩን ለታንኳ እንተው፣ ዓሣ የሚራባበትን።»

ከሁለቱም ወገን፣ ሣቅ ፈነዳ ባንዴ፣
«መሃል ሰፋሪ!» አሉኝ። «ፈሪ!» «ነጋዴ!»
(ከጧት እስከ ቀትር፣ የተስማሙበቱ፣
ይህች ስድብ ብቻ ናት፣ ወገኖች ሁለቱ።)

ቃሏን አውቃታለሁ፤ ቤታችን ነበረች፣
ሁለት አጎቶቼን፣ ካንድ ማዕድ ለየች።
ተድላና ውባንተ፣ ባንድ ጋቢ ያደሩ፣
በሁለት ፓርቲ ልሳን፣ ሲታኮሱ ነበሩ።
«ተዉ» ያለውን አባት፣ «መሃል ሰፋሪ» ብለው፣
በሳምንት ልዩነት፣ ሄዱ አፈር ለብሰው።
መቃብራቸው መሃል፣ አንድ ክንድ ነው ስፋቱ፤
እዚያች ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ።

እናንት የዳር ሰዎች፣ መሃሉን ታውቃላችሁ?
ከዳር ቆሞ መጮህ፣ ውኃ አያስነካችሁ።
መሃል ማለት ወንድሜ፣ ከደቅ ደሴት ወዲያ፣
ነፋስ ካራት በኩል፣ የሚውልበት ገበያ።
እዚያ ነው ጥልቀቱ፣ እዚያ ነው ነፋሱ፣
ዳርማ ምን ችግር አለ፣ እግር ነው ማራሱ።

ደግሞ አታጣሙብኝ፤ ላም የሰረቀ ሌባ፣
ከባለላሟ ጋር፣ እኩል በእኩል ይግባ፣
አላልሁም። ግን አንለይ፣ ሌባ አይደለም፣ ድሃ ነው፤
ይስማውም ድሃ ነው። ሁለቱም የሚፈራው፣
ልጁ ያለ ሥራ፣ ዳር ላይ እንዳይቀር ነው።

«ዓባይ ጣናን ያልፋል፣ ሳይቀላቀል» አሉ፤
ከድልድዩ ቀዳሁ፤ ጣና ነው በሙሉ።

አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ቀርከሃ አስይዞ፣
«በቀኝ ብቻ ቀዝፎ፣ የት ይደረሳል ጉዞ?
ይዞራል እንጂ ታንኳው፣ ልክ እንደ እንዝርት፤
አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ፣ ያ ነው ወደ ፊት።»
ይህን ልነግራቸው፣ አፌን ከፈት ሳደርግ፣
ወንበር ተገለበጠ፤ ማን ሊሰማ ማዕረግ።

ስብሰባው ተበተነ። ካርዴን ሳልጥል ዋልሁ፣
ኪሴ ውስጥ ረጥባ፣ ቀለሟ ለቅቆ አየሁ።
እምቦጩ ግን ያን ቀን፣ ስብሰባ አልነበረው፣
አንድ ክንድ ጨመረ፣ ወደቡን አጠረው።

ሲመሽ፣ ጀልባ ሳስር፣ ኮቴ ሰማሁ ከኋላ፤
ይስማው ነው። ዞር አለ፣ ሰው እንዳያይ ሌላ።
ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አስር ነው ያልህ ሞተር?
ስድስት ቢሆንስ?» አለኝ፣ እያየ ወደ ምድር።

«ስምንት» አልሁት።

ዝም አለ።
የገመዱን ሌላ ጫፍ፣ ጎንበስ ብሎ ያዘልኝ።