አሥራ ሁለት ምልክት

ኩታይሲ ዝናብ ነው። አራተኛው ፎቅ ላይ
ናቴላ ቆማለች ኮርኒሱን ስታይ፤
ኦታር ሳለ በሕይወት፣ «ሰው አይንካው» ብሎ
ሄዷል ራውተሩን ከጣሪያ ሥር ሰቅሎ፣
ጀርባው ወደ ግንቡ፣ ጽሑፉ ተከልሎ።

የኩባንያው ልጅ በስልክ ይነዘንዛል፦
«ከጀርባው ያለውን ያንብቡልኝ» ይላል።
በሰባ ስድስት ዓመት መሰላል ይወጣል?

ኬቴቫን ከታች ቤት ላፕቶፕ ይዛ መጣች፤
«መውጣት አያስፈልግም፣ ይነግረናል» አለች።
«አይፒው ኪራይ ቤት ነው፣ ይለቀቃል፣ እትዬ፤
እትብቱን ልጠይቀው፣ ማነህ አንተ? ብዬ።»

ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ጻፈች፤
ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲመጣ ጮክ ብላ አነበበች፦
ኤፍ አራት። ዜሮ ዘጠኝ። ቢ ሁለት። ሰባት ሲ...

ናቴላ ስልኩን ጣለች።

ከባሏ ካፖርት ኪስ ያገኘችው ወረቀት፣
ስምንት ወር በሆዷ የያዘችው ቅናት፣
የሴት ስልክ መስሏት፣ የሴት ቤት አድራሻ፣
የቀማት እንባዋን፣ የሐዘኗን ድርሻ፣
ይኸው ነው፤ ይኸው ነው እስከ መጨረሻ።
ከቢዋ በቀር። እሱ ስምንት ብሎ ጽፏታል፤
መነጽር አድርግ ስትለው መቼ ይሰማታል!

«ሃሎ? አሉ፣ እናቴ?» ይጮሃል ከምንጣፍ።
አነሣችው። «አለሁ፣ ልጄ። ጻፍ።»

ከስክሪኑ አላየችም፤ ከኦታር ወረቀት
ነበር ያነበበችው፣
ስምንቱን ቢ ብላ አርማለት።