ቀልብስ

ሐሙስ ሌሊት፣ ነታንያ፤
ከጎማ ጥገናው ጎን፣ ካለው የሰርግ አዳራሽ፣
ሙሽሮቹ ከሄዱ ወዲያ
እኔ ነኝ የምቀር፣ የሰው ደስታ ትርፍራፊ አፋሽ።
ለስድስት ሰዓት ድግስ የተገዛ አበባ
ከኬክ ፍርፋሪ ጋር ከረጢት ሲገባ
ጥቂቱን እሰርቃለሁ። ስርቆት ነው የተጣለ?
«ውሰጂው» ይላል አሚኖቭ፣ «ለእሑድ ሌላ አለ።»

በባዶ የኮቴጅ ጣሳ አቆማቸዋለሁ፤
ከዚያ እጠብቃለሁ።
ሲያምሩ አልነካቸውም፤
ሲያምሩማ እንግዳው ሁሉ በስልኩ አንሥቷቸው የለም?
በአምስተኛው ቀን፣ ሻራቭ ከበረሃ ሲነሣ፣
ውኃው ሲሸት፣ አንገት ሲዝል፣
ያኔ ነው ካሜራዬን የማነሣ።

ሌንሱን የሸጠልኝ አርካዲ ነው፣ የሦስተኛው ፎቅ፤
እዚያ አገሩ ሐኪም ነበር፣ የበሰበሰ ጥርስ
ፎቶ ያነሣበት። «ቅረቢ» አለኝ፣
«ቅረቢ፣ እስኪያስፈራሽ ድረስ።»

ቀረብኩ።
የባሕሩ ነፋስ በመዝጊያው ሽንቁር ሾልኮ
ዘንጉን ሲያወዛውዘው
ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት፣ እስኪታክተው።
ጫፉ የሻይ እድፍ፣ ሆዱ የጎርፍ ካርታ፤
በሱሪ ኪስ ተረስቶ አብሮ የታጠበ ደብዳቤ፣
እጥፋቱ የቀረ፣ ቃሉ የተፈታ።

ማታ ሞራን ልጄ ከኮሌጅ ስትመጣ
ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ደረደረች።
«እማ፣ ይሄ ቡኒ ምንድን ነው? በብሩሹ ንኪው፣ ይጠፋል፤
ይቺን ወደ ቀኝ ሳቢ፣ ጥላው ይገፋል።»
ነካሁ፤ ጠፋ። ሳብኩ፤ ነጋ።
ቁስሉን በደህናው ቆዳ ጠገንኩ።
ከመሐሉ አጠገብ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች፣
አቧራ። ጠረግኋት።
አንድ ሰዓት ተቀምጬ አምስት ቀን መለስኩ፤
ሐሙስ ማታ፣ ሰርጉ ሳይጀመር፣ ደረስኩ።
ታሞ የማያውቅ ሆነ፣ ፎቶ ቤት የቆመ፤
አማረ። ግን ሰላም ስለው
ዘወር የሚል ዓይነት፣ ትናንት የተሾመ።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። ያው አበባ ነው፣
ከአፍታ በኋላ የተነሣ።
አቧራዋ ከነበረችበት የለችም፤
ሽብሽቡን ወጥታለች፣
ዳገት ላይ ናት፣ ስድስት እግር አላት።
ጉንዳን! ጉንዳን እንኳ አይደለች፣ የጉንዳን ልጅ።
በዚያ ሁሉ ሬሳ ላይ አንዲት ነፍስ፤
እሷን ነበር የጠረግኋት፣
ሥራዬ መጥረግ አይደል? እጄ ለምዶ፣ ሳላያት።

ከቁልፎቹ አንዷ ላይ፣ እንዳልረሳ ብዬ፣
ቁራጭ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ ቀልብስ።
ተጫንኩ። ጉንዳኗ መጣች።
ተጫንኩ። ቁስሉ አመረቀዘ።
ደግሜ። ቡኒው እንደ ምሽት ገባ።
ሌላው ወደኋላ ሲሄድ ልጅነቱን ያገኛል፤ የእኔ አበባ
በየምቱ አንድ ቀን አረጀ፣
ማክሰኞ እስኪሆን፣
ራሱን እስኪሆን።

ቀልብስ።
የራሴ ጽሕፈት ናት፣ ስንቴ አንብቤያታለሁ፤
ዛሬ ግን እንደ ጥያቄ ሰማኋት።
ዓይን አይቷል፤ እጅ ጠርጓል፤
ቀልብስ?
ቀልብስ የት ሄዶ ነበር?

ሞራን ታዛጋለች። «ታዲያ የቱን እናትም?»
«ጉንዳኗ ያለችበትን።»
«እሱ እኮ ደብዝዟል፣ እማ።»
ደብዝዟል። ነፋስ ነበር።

ነገ ጣሳውን ደረጃው ሥር ካለው አፈር እደፋለሁ፣
ቀስ ብዬ፣ ተሳፋሪ አለበት።
ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው።