ሽማግሌው ውሃ

ራምላ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ፣
ከአውቶቡስ ጣቢያው ስመለስ ወደ ቤቴ
በዚህ በር አልፋለሁ፣ ማለዳና ማታ፣
ጠይቄም አላውቅም ከታች ስላለው ቦታ።
ዛሬ ግን ኖጋዬ ወረቀት ይዛለች፣
«የክፍል ሥራ ነው፣ እንሂድ» ብላለች።
ኢታማር ተከትሎን፣ ጫማው ሳይታሰር፣
ትኬት ቆርጠን ገባን በብረቱ አጥር።

ደረጃው ይወርዳል፤ ይቀዘቅዛል አየሩ፣
እንደ ጓዳ ይሸታል የረጠበ አፈሩ።
ልጆቹ ዘለሉት፤ እኔ ደገፍ ብዬ፣
ባንድ እጄ ግድግዳ፣ ባንድ እጄ ኪፓዬ።

ከታች ውሃ አለ።
ጥቁር። የማይናገር።
በላዩ የድንጋይ ቅስት ተደርድሮ፣
ከጣራው ቀዳዳ ብርሃን ተወርውሮ።

አስጎብኚዋ ወጣት፣ ንግግሯ ዶፍ ዝናብ፤
የእኔ ዕብራይስጥ የሥራ ነው፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ደረሰኝ፣ ሒሳብ።
ኖጋ ትተረጉማለች፣ ቃል እየፈለገች።

«ይሄ ውሃ፣ አባ፣ ሽማግሌ ነው» አለች።
«ድንጋዮቹ ደግሞ ጎንበስ፣ ጎንበስ ብለው፣
ሺህ ዓመት ከምናምን ጣራውን አዝለው።
ከላይ ሰዎች ሆነው፣ በባልዲ፣ በገመድ፣
ውሃ ያጠምዳሉ፣ እንደ ዓሣ ማጥመድ።»
«አሮጌ በይ» ልላት አፌን ከፈትኩና
ተውኩት። ከእኔው ይልቅ የሷ ልክ ነውና።

ጀልባዋ ላይ ወጣን። መቅዘፊያ ያዝኩ እኔ፤
ቀዝፌ አላውቅም በሙሉ ዘመኔ።
ዞርን፤ ዞርን፤ ደግሞም ዞርን ባንድ ቦታ፣
ከዓምዱ ተላተምን። ኢታማር በደስታ
«አባ!» ሲል በጩኸት፣ ሳቁን አስከትሎ፣
«አባ... አባ... ባ...» አለ ጣራው ተቀብሎ።
በዕብራይስጥ ይሁን በአማርኛ ጥሪው
ልጁም አልለየው፣ ጣራውም አልለየው።

ዓምዱ ጋ እንደቆምን እጄን ሰደድኩበት፣
ልስኑን ዳሰስኩት፤ ኖራ አለበት።
አባቴ ግንበኛ ነበር ደምቢያ ሳለ፣
«ልስን በጣት እንጂ በዓይን አይታይም» ያለ።
እኔም ለሳኝ ሆንኩኝ፣ ከሎድ እስከ ሪሾን፣
ስንቱን ፎቅ አልብሼ፣ ስንቱን የሰው ሳሎን።
እና ጣቴ ድንገት አንድ ጎድጓዳ ነካ፤
ቸኩሎ ያለፈ የሰው አውራ ጣት ለካ።

«ጠይቂያት፣ ማን ለሰነው?» አልኳት ለኖጋዬ።
ጠየቀች። መልስ መጣ፦ «ንጉሡ ነው፣ አባዬ።»
«ንጉሥማ አዘዘ። የለሰነው እጅስ?»
አስጎብኚዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ፈገግ አለች፣ ለስለስ።
ኖጋ ያንን አልተረጎመችም።

ወደ ላይ ስንወጣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፣
ኢታማር ስለ አይስክሬም ይለፈልፋል።
ኖጋ ደረጃው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ፣
በጉልበቷ ደግፋ፣ እርሳሷን ነክሳ ቆይታ...
አራተኛው ጥያቄ «ይህን ማን ሠራው?» ይላል፤
መልሷ በዕብራይስጥ፣ በትንንሹ ተጽፏል፦
«አንድ ለሳኝ። ስሙን የሚያውቅ የለም።
አውራ ጣቱ ግን አለ።»

ማክሰኞ ወረቀቱ ተመልሶ መጣ፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ ነጥብ የሚያሳጣ።
ከጎኑ «ትክክለኛው መልስ» ተብሎ የንጉሥ ስም አለ።
ኖጋ አኩርፋለች።
እኔ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት፣ ኤክሱም እንዳለ፣
በመብራት ሒሳቡና በክሊኒክ ቀጠሮው መሐል፣
ትንሽ ዘመም እንዳለ።