ቦታ እስኪይዝ

ሦስት ትራስ ደርቤ፣ ቁጭ ብዬ ተኝቼ፣
የሮላን ግርግር በመስኮት ሰምቼ፣
የመኪናውን ጡሩምባ፣ የኤሲውን ጠብታ፣
ስቆጥር አደርኩኝ አንዱም ሳይምታታ።
ሐምሌ ነው በሻርጃ፤ ሌሊቱም አይበርድ፤
ከጥብቁ ማሰሪያ ሥር ላቤ ሲወራረድ።

ክፍላችን ስድስት ሴት፣ ሦስት ተደራራቢ።
የእኔ ከላይ ነበር፣
በወር ስድስት መቶ ድርሃም ለአንድ ፍራሽ ቦታ፣
አራት የብረት እርከን ወደ ላይ ተወጥታ።
ጦይባ ግን አየችኝ ከታክሲ ስወርድ፣
ክንዴን ከደረቴ ሳላርቅ ስራመድ።
ምንም አልጠየቀች።
አንሶላዋን ይዛ መሰላሉን ወጣች፤
«ከዛሬ ከታች ነሽ» ብላ ጀርባ ሰጠች።

ሐኪሙ ሲያያቸው «ገና ላይ ናቸው» አለ።
«ጡንቻው ጨብጧቸው ነው፤ ሲላላ ይወርዳሉ፤
ቦታ እስኪይዙ ድረስ ታገሺያቸው» አለ።
«ስንት ቀን?» አልኩት።
ሦስት ጣት አሳየኝ፦ ሦስት ወር።
(ቀለበት የለውም። ይሄን ምን አመጣው?)

እንግዲህ ሁላችን ቦታ እንጠብቃለን፦
ጦይባ በእኔ አልጋ፣ እኔ በጦይባ፣
ጡቶቼ ከአንገቴ ሥር፣ እንደ ሁለት እንግዳ፣
«ግቡ» እስኪባሉ ደጃፍ ላይ የቆሙ።

ለእናቴ በቪዲዮ ፊቴን ብቻ ሰጠሁ።
«ትርፍ አንጀት ነው እማ፤ አወጡት፤ አለቀ።»
«ተመስገን» አለችኝ፣
«ትርፍ ነገር ከሰው ላይ መውጣቱ ደግ ነው።»
ሳቅ ያዘኝ። ሳቅ ደግሞ ስፌቱን ይስበዋል።
ትርፉ ገባ እንጂ መቼ ወጣ፣ እማዬ።
ለሳሎኗ ባለቤት ለማዳም ሱሄርም
ያንኑ ተናገርኩ። «በየት በኩል?» አለች።
«በግራ» አልኳት ቶሎ።
ቀኝ መሆኑን ጦይባ ማታ ነገረችኝ።

በአሥረኛው ቀን ግን ፀጉሬ ሸተተኝ።
የስንቱን ራስ ያጠብኩ፣
የስንቷን ሙሽራ ጠጉር የፈተልኩ፣
የራሴ ላይ ሲሆን ክንዴ አልነሣ አለኝ።
ጦይባ ዝቅ አርጋኝ በመታጠቢያው ጠርዝ
በፕላስቲክ ጆግ አፈሰሰችብኝ።
እጇ ለስላሳ አይደል፤ ቀን ሙሉ በሆቴል
ሳህን የሚያጥብ እጅ፤
ጥፍሯ ግን ያውቃል የት እንደሚያሳክክ።
ፎጣው ሲንሸራተት ብጫውን፣ ሰማያዊውን፣
የበለዘውን አየች።
«አስተግፊሩላህ» አለች።
ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣
«ግራው ቀደመ መሰለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጎረቤት ልጆች
ወሬያቸውን ትጠይቃለች፦
«ግራው ጨዋ ነው፣ የተባለውን ይሰማል፤
ያ ቀኙ እልኸኛ፣ ማንን መስሎ ይሆን?»

ለምን አትበሉኝ።
ለወንድሜ ኮሌጅ፣ ለአክስቴ ዓይን ሞራ፣
ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለደብሩ አጥር ሥራ፣
ለማላውቀው ሠርግ፣ ለማላውቀው ለቅሶ፣
ዘጠኝ ዓመት ላክሁ፤
ደረሰኙ በሙሉ በብስኩት ጣሳ ውስጥ።
ይሄን ግን በካርጎ ማንም አይጭነውም፤
በሐዋላ አይሄድ፤
«የኔስ ድርሻ?» ብሎ አጎት አይመጣበትም።
ገላዬ ላይ ገዛሁ፣ ገላዬ ላይ ቀረ።

ግን ሌሊት ሲረዝም
የቀኙ ጫፍ ደንዝዞ፣ ስነካው የሰው ሆኖ፣
ከበላዬ ያለው የጦይባ አልጋ ሽቦ
«ምን አረግሽ? ምን አረግሽ?» ይላል ስትገላበጥ።
መልስ የለኝም ለሽቦ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት፣
እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በጎኔ ዞሬያለሁ።
ጧት ጦይባ ከላይ አንገቷን አስግጋ
«ጉንጭሽ ላይ መስመር አለ» አለችኝ፣ «የትራስ።»
ዳሰስኩት። እውነት ነው።
«በይ እንግዲህ ውጪ፣ አልጋዬን መልሺ።»
እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ፤
ግራው ቤቱ ገብቷል።
«ቆይ» አልኳት፣ «ከቀኙ ጋር ልነጋገር።»