አቋራጭ

አራት ኪሎ፣ ከደረጃው ሥር፣ በሩ አንገት የሚያስደፋ ቤት፣
«ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ጥረዛ» ይላል፤ እዚያ ቆየሁ ሰባት ዓመት።
ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤
ካንገት ማተቡ ጋር ያሰረው፣ ከቤት ቁልፉ ያቆራኘው፣
ክዳኑ ጠፍቶ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ ያኖረው።
መመረቂያ ጽሑፍ፣ ውክልና፣ የጨረታ ሰነድ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣
መቶ ፍላሽ በቀን ይገባል በዚያች በአንዲት ቀዳዳ፤
ሰካ፣ ክፈት፣ አትም፣ ንቀል፤ ሂሳብ፤ ቀጣዩ እንግዳ።

የማይተዋወቁ ሰዎች
በእኔ ማሽን ይጨባበጣሉ፤
እጃቸውን ሳይታጠቡ
ተመልሰው ታክሲ ይሳፈራሉ።

በሚያዝያ፣ አንድ ሐሙስ፣ አቶ ይፍሩ መጡ።
የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ፍሬን ያዥ ነበሩ ድሮ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ነግረውኝ ተይቤላቸዋለሁ
ከለገሀር እስከ ድሬዳዋ የየጣቢያውን ኑሮ፤
ሞጆን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን በየፎልደሩ አኑሬያለሁ።

ሰካሁት። ፎልደሮቹ አሉ፤ ስማቸውም እንደነበረ፤
ግን በያንዳንዱ ግራ ጥግ ትንሽ ቀስት ተሰንቅሮ አደረ።
አቋራጭ።
ወደየት? አዋሽን ብነካው አዋሽ አይከፈትም፤
ጥቁር መስኮት ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ሌላ ነገር የለም።
በዚያች ብልጭታ ነው ትሉ ከፍላሽ ወደ ማሽን የሚዘልቀው፤
በር አልሰበረም፤ በሰው ጣት፣ ጠቅ ተደርጎለት ነው የሚገባው።

«በላው?» አሉ አቶ ይፍሩ። መነጽራቸውን አወለቁ።
«ሌላ ቦታ ሰክተው ይሆናል፤ ከዚያ ነው ያመጡት» አልኩ፤
ሰባት ዓመት ለሁሉም የምለውን ለእሳቸውም ደገምኩ።
«ካንቺ በቀር የትም አልሰካሁም፤ ቤቴ ኮምፒውተር የለኝ።»
ዝም አልኩ። የማሽኑ ፋን ብቻ ጮኸ፤ ጀርባዬን በረደኝ።
«ትሉ የሰው ነው» ትል የነበረች ምላሴ
ተጣበቀች ከጥርሴ።

ከዚያ ስለ ትኋን ነገሩኝ።
«ትኋን ቲኬት አይቆርጥም ልጄ፤ ከፉርጎ ፉርጎ ይሻገራል፤
በተሳፋሪ ብርድ ልብስ ገብቶ ከወንበሩ ስፌት ያድራል።
ድሬዳዋ ፉርጎው ሁሉ ታጥቦ፣ መድኃኒት ተረጭቶ፣
በሳምንቱ ይመለስ ነበር፣ እንዳዲስ ተራብቶ።
ለካ የሚሸሸገው
ከጠባቂው ፍራሽ ኖሯል፤ የጠባቂን ማን ያራግፈው?»

«ለጊዜው ዝግ ነው» ብዬ በር ላይ ለጠፍኩ።
የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ።
ፀረ ቫይረሴ ፈቃዱ ካለቀ ሁለት ፋሲካ አልፎታል፤
አዲሱን የፎቁ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ወይዘሪት ሰብለ፣ በሲዲ ሰጠችኝ፤
ሲዲ ላይ ትል መጻፍ አይችልምና።
አስቀድሜ የራሴን፤ በስውር የሚሮጠውን ገደልኩ፤
ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ከመነሻ መዝገቡ ፋቅኩ።
ከዚያ የሳቸውን ፍላሽ፤ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ።
አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ትርጉሟ «ስውሩ ይገለጥ» ነው፤
ኢንተር።

ሞጆ መጣ መጀመሪያ፤ ደብዘዝ ብሎ፣ ከዚያ ደመቀ፤
አዋሽ፤ ሚኤሶ፤ አንድም ገጽ ሳይጎድል።
ትሉ አልበላም ነበር፤ ደብቆ ነው ስም የሰረቀ።

«ሂሳብ?» አሉኝ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ።
ማን ለማን ይክፈል?

ዛሬ ሺፍትን ተጭኜ እሰካለሁ፤ ሳልፈትሽ አልከፍትም።
ግን ከዚያ በፊት ከዚህ የወጡት፣ ወደ ፒያሳ የወጡት፣
ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ አምባሳደር ትሌን በኪስ የወሰዱት፣
ስማቸውን አላውቅም፤ የማውቀው የፋይላቸውን ነው፤
«ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻው ፋይናል»፣
«የእማዬ ፎቶ»፣ «እንዳይጠፋ»።

በትልልቅ ፊደል አትሜ ከመስታወቱ ለጠፍኩ፤
«ካለፈው ጥር ወዲህ እዚህ ፍላሽ የሰካችሁ፣ ተመለሱ፤
ጥፋቱ የኛ ነው፤ በነፃ እናጸዳለን።»
ባለቤቱ አይቶ «ገበያ ትገያለሽ» አለኝ።

እስካሁን ዐሥራ አንድ መጡ።