ሁለተኛው አፍ

አየርን አውቃለሁ፤ ሹፌር ነኝ በሙያ፣
ከኤላት መናኸሪያ እስከ ጣባ መውጪያ።
ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር «ፍስስ» የሚል ድምፅ አለው፤
ስድሳ ሰው ያሳፈረን ብረት አየር ነው የሚያቆመው።

ከውሃ በታች ግን አየር ሌላ ነገር፤
ያኔ ነው የገባኝ፣ ባሥራ ስምንት ሜትር።
የኪራይ ዕቃ ነበር፤ የስንቱ ሰው ጥርስ
ያኘከው ጎማ ነው፤ ብስበው፣ ብምገው፣ እንደ እርጥብ ልብስ
አፌ ላይ ተለጥፎ እንቢ አለኝ።
ነፍስ ውጪ፣ ነፍስ ግቢ።
ፊት ለፊቴ ዓሣው ይሽከረከራል፣ ኮራሉ ያምራል፤
«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያለው ሰው
ቀይ ባሕርን ያየ ይመስላል።

የራሴን ልገዛ ቆረጥኩ።
ያለምወርቅ ሰማች፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!
አየር እንደሁ እዚህ ላይ ሞልቷል፣ ያለ ብር።»
እውነቷን ነው። ዝም አልኩ።

ሻጩ ልጅ እግር ነው፤ ስሙ ኒጻን፤
አንዱን አነሣልኝ፣ የሚያብለጨልጭ ቲታን።
«ይሄ» አለ «በረዶ ባሕር ውስጥ እንኳ ቀጥ አይልም።»
በረዶ! ኤላት ላይ!
በነሐሴ መሪው መዳፌን ሲልጠኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤
ሣቄን አልቻልኩም።

ሣቄን ሰምቶ ከኋላ ክፍል ጠጋኙ ናፍታሊ ወጣ፣
ሽማግሌ፣ የመነጽሩ ጆሮ በክር የታሰረ፤
ሁለቱን ፈታትቶ በጋዜጣ ላይ ደረደረ።
«ይህ ፒስተን ነው፤ ብልቱ ጥቂት፣ ሸካራ እጅ ይችላል።
ያኛው ዲያፍራም ነው፤ ጨውና አሸዋ አያስገባም፣
ግን እንክብካቤ ይፈልጋል።
የቱም ያስተነፍስሃል።
አንተ ጠይቅ፦ ሲበላሽ
እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ይፈታዋል?»

ይህ ቋንቋ ገባኝ። አውቶቡስም እንዲሁ ነው፤
መለዋወጫ ከሌለው፣ ወርቅም ቢሆን ቆሞ ቀር ነው።

ከሲሊንደር ጋር አጋጠመልኝ። ነከስኩት። ሳብኩ።
መጣ፤ ሳልለምነው።

ዋጋውን ስሰማ ግን ሹፌርነቴ ተመለሰ።
«ቢጫውን» አልኩ፣ «ትርፉን አፍ፣ ረከስ ያለውን አድርግልኝ፤
ጎኔ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚውል ነገር ምን አስጨነቀኝ?»

ናፍታሊ መነጽሩን አወለቀ።
«ከማን ጋር ነው የምትጠልቀው?»
ከልጄ፣ ከሲቫን።
አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣
በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ መሐል ላይ የሚወድቀው ብዙ ነው።
ከታች ግን የምናወራው በጣት ነው፤
እዚያ ማንም ማንንም አያርምም።
«እንግዲያው» አለ «ቢጫው ያንተ አይደለም።
የሷ አየር ያለቀ ዕለት የሷ ነው።»

ሁለቱንም አፍ እኩል ገዛሁ፣ ባሥር ወር ክፍያ።
ለያለምወርቅ ግማሹን ነው የነገርኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባመት ባመት እወስድለታለሁ።
ናፍታሊ መጀመሪያ ቢጫውን ያነሣል፣
ወደ መብራቱ ያስጠጋል፣
ጎማው ላይ የጥርስ ምልክት ይፈልጋል፤
ሲያጣ፣
«ደግ» ይላል።