ሴትዮዋ የታለች?

አጎቴ አታሄር ትንሽ ሰም ቆረሰ፤
በመዳፌ አኑሮ ጣቶቼን መለሰ።
«እስኪላላ ያዢው።» አለቀ ትምህርቱ፤
ሌላውን ያስተምር ሰሙ ራሱ፣ እሳቱ።

ቆዳ ስሰፋ ነው አርባ ዓመት የሞላኝ፤
«ብር የወንድ ሥራ ነው» እያሉ አሳደጉኝ።
አጎቴም ያውቃታል ይቺን የአጋዴዝ ሕግ፣
ብቻ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለ ወደ ጥግ።

ሰሙ ላቤን ጠጣ፣ ቀስ እያለ ላላ፤
አራት ክንድ አወጣሁ፣ አንዱን ካንዱ ኋላ።
አንዱ ወፍራም ሆነ፣ አንዱ ደግሞ ከሳ፤
አጎቴ አይቶ ዝም። የሻይ ብርጭቆ አነሳ።

የአህያ ፋንድያ ከጭቃ ጋር ለውሼ
ሦስቴ አለበስኩት፣ እያደረቅሁ፣ መልሼ።
ከዚያ እሳቱ መጣ። ሰሙ ተንጠባጥቦ
ውኃው ላይ ተዘራ፣ እንደ አበባ አብቦ።
ሦስት ቀን ያለፋኝ በቀዳዳ አለቀ፤
ባዶ ሆዱን ይዞ ሸክላው ፍም ውስጥ ሞቀ።

ብሩ የእናቴ ነው፤ አንድ ማርያ ቴሬዛ፣
ከሰርጓ ቀን ወዲህ ባንገቷ የወዛ።
ባለ ድርብ አገጭ፣ ደረተ ሙሉ ሴት፣
በግመል የመጣች ከማናውቀው መሬት።

ወናፉን ጨብጬ ነፋሁ፣ ደግሜ ነፋሁ፤
ጸጉሯን መጀመሪያ፣ ከዚያ ዓይኗን አጠፋሁ፤
አፍንጫዋ ብቻ እስከ መጨረሻ
ቀይ ፍም መሃል ቆየ፣ አጥቶ መሸሻ።

«አሁን!» አለ አታሄር። ቀዳሁ። እጄ ራደ።
ብሩ አንዴ አመነታ፤ ከዚያ ግን ወረደ።

ሸክላውን ሰበርኩት። ሦስት ክንድ አገኘሁ፤
አራተኛው የለም። ስብርባሪውን አየሁ፣
አመዱን በተንኩት። ቀጭኑ፣ ያ የከሳው፣
ብሩ ሳይደርስለት መንገድ ላይ የረጋው።
ሰም ሲሄድ የሚመጣው ሁልጊዜ ወርቅ አይደለም፤
አጎቴ አልሳቀም፤ «አበጀሽ»ም አላለም።
ሞረድ ወርውሮልኝ ለዓሱር ሶላት ሄደ።

ማታ እናቴ መጣች። ዓይኗ ደክሟል ዛሬ፤
ነክሳ ሞከረችው፤ «ይሄ ነው ወይ ብሬ?»
አገላበጠችው፣ በጥፍሯም ጫረች፣
ፊት ፈለገች፣ አጣች፤ «ሴትዮዋ የታለች?»

ምን እላታለሁ?
ጀርባውን አዞርኩት። እዚያ፣ ከክንዱ ሥር፣
ሳልሞርደው የቀረ ጎድጎድ ያለ ነገር፤
ጭቃ ከሰም ወስዶ የያዘው በአደራ፣
እሳት ያልነጠቀኝ፣ የጣቴ አሻራ።

አውራ ጣቴን ይዤ በላዩ አሳረፍኩ።
ገጠመ።
እሷም የራሷን ጣት አምጥታ ሞከረች፤
«ለእኔ ይጠበኛል» ብላ አጉረመረመች።
ግን ከአንገቷ፣
ሦስት ቀን ባዶውን የዋለውን ክር ፈታች።